ጭረት ለማጥፋት ሲባል የተበላሸ የመኪና ቀለም

ልጅ በድንጋይ፣ የግቢ በር በብረቱ፣ የጎረቤት ብስክሌት በፔዳሉ የመኪናን ጎን ሊጭር ይችላል። በየቤቱ የሚደርስ ነገር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የፈለግነው ግን ጭረቱን ራሱን ሳይሆን፣ ጭረቱን ለማጥፋት በቤት ውስጥ በተደረገ ሙከራ የመጣውን ሁለተኛውን ጉዳት ነው። ጭረቱ እንደ ክር የቀጠነ ነበር፤ አሁን ግን በሩ ላይ መዳፍ የሚያህል የፈዘዘ ቦታ፣ ወይም የደረቀ ገንፎ የመሰለ የቀለም ጉብታ፣ ወይም ከመኪናይቱ መልክ ጋር የማይስማማ ጥቁር ነጭ ነጠብጣብ ተቀምጧል።

እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል ነው። ባለቤትዎ ከሥራ ሳይመለሱ፣ ወይም መኪናይቱን ያዋሰዎት ወንድም ሳያይ ለመጨረስ ሲባል ጥድፊያው ይበረታል። ይሁን እንጂ ለቀለም ቀቢ ከተጫረ በር ይልቅ ሦስት አራት ጊዜ የተነካካ በር ይከብደዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን የምንለምንዎ ብሩሹንም፣ ስፕሬዩንም፣ መፈግፈጊያውንም እንዲያስቀምጡ ነው። ብረቱ ካልተገለጠ በቀር የሚያስቸኩል ነገር የለም። የቀቡት ቀለም ገና እርጥብ ከሆነ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በአንድ ጊዜ ጠርጎ ማንሣት ይቻላል። ግማሽ በግማሽ ደርቆ የሚያጣብቅ ከሆነ ግን አይንኩት፤ ያን ጊዜ የነኩት እንደሆነ ይለቀለቅና ሥፍራው ይሰፋል። በሚገባ ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ ይመለሱበታል።

ነገሩ ለቤት እመቤቶችና ለሠራተኛ እናቶች የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለብዙ ቤተሰብ መኪና ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ትልቁ ንብረት ነው፤ ለአንዳንዱም የዕለት እንጀራው ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ ቀድማ የገባችውን አሮጌ ቶዮታ አሳምሮ ጠብቆ መያዝ የብዙ ቤት ሐሳብ ሆኗል። በአንድ ጣት ጭረት ምክንያት ሙሉ በር፣ አንዳንዴም ሁለት በር ማስቀባት ከወሩ በጀት ላይ የሚቆረጥ ገንዘብ ነው። «የመኪና ነገር የወንዶች ነው» የሚሉም አይጠፉም፤ ነገር ግን በነጠላ ላይ የፈሰሰን ወጥ በፍል ውሃ ማሸት እድፉን እንደሚያጸናው የምታውቅ ሴት፣ የመኪናን ቀለም ጠባይ ለመረዳት የሚቸግራት ነገር አይኖርም።

ጠባዩም እንዲህ ነው። ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ከብረቱ ጋር የተጣበቀ የዝገት መከላከያ ሽፋን አለ፤ በላዩ የሥር ቀለም ይመጣል፤ ቀጥሎ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ መስታወት የጠራ፣ ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት አንጸባራቂ ሽፋን አለ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ግድም ነው፤ ይህም ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ክሊሩ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ሲሆን፣ የሰው ጠጉር እንኳ ከዚህ ይወፍራል። የድስት መፈግፈጊያ ይዘን የምንፈትገው ይህንን ከጠጉር የቀጠነ ሽፋን ነው።

እንግዲህ የተበላሸውን ከማረምዎ በፊት የትኛው ሽፋን ላይ እንደደረሱ ይወቁ። ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጥበው፣ ገና እርጥብ ሳለ ይመልከቱት። ጭረቱ ወይም ፍዘቱ በውሃው ሥር ሲጠፋና ሲደርቅ ተመልሶ ሲታይ፣ ጉዳቱ በክሊሩ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ ደግ ዜና ነው። ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አገዳድመው ቀስ ብለው ያሳልፉ፤ ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው። ግራጫ ወይም ሌላ መልክ ከታየ የሥር ቀለሙ ተገልጧል። የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ቡናማ ዝገት ካዩ ደግሞ የሚያስቸኩለው ያ ብቻ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን። ጉዳቱ የደረሰው በፓራውልቱ ላይ ከሆነም ይረጋጉ፤ የዛሬ መኪናዎች ፓራውልት በአብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፤ እስከሚመችዎ ድረስ ሊቆይ ይችላል።

አንድ ሌላም ነገር መታወቅ አለበት። የፋብሪካ ቀለም በምድጃ ሙቀት የተጋገረ ስለሆነ ቲነር ቢነካው በቶሎ አይሟሟም። በከተማችን ከሚሄዱት መኪናዎች ግን ብዙዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ በጋራዥ የተቀቡ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በአየር ብቻ በሚደርቅ ቀለም የተቀባ ካለ፣ ቲነር እንደነካው ከሥሩ ይላቀቃል፤ ይጨማደዳልም። የእርስዎ ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ ከዚያው በር ግርጌ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ላይ ነጭ ጥጥ በጥቂት ቲነር አርጥበው አንድ ጊዜ ብቻ አሸት ያድርጉ። ጥጡ የመኪናይቱን መልክ ይዞ ከመጣ ቲነሩን ይክደኑ፤ ከዚህ በኋላ የሚረዳዎ የብርጭቆ ወረቀትና ፖሊሽ ብቻ ነው። ጥጡ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው።

አሁን ወደ ጉብታው እንምጣ፤ ከቤት ሙከራዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው እርሱ ነውና። ጉብታውን የሚያመጣው በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የጭረት ቀለም ከነብሩሹ አንድ ጊዜ ወፈር ተደርጎ ሲቀባ ነው፤ አለዚያም የጥፍር ቀለም ነው። የጥፍር ቀለም ለዚህ ሥራ መታሰቡ አያስቅም፤ ዘመዳሞች ነበሩና። እ.ኤ.አ. በ1923 ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዱኮ» ብሎ ያወጣውና በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች ላይ የዋለው ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ናይትሮሴሉሎስ ከሚባል ነገር የተሠራ ነበር፤ የጥፍር ቀለምም እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው ከዚያው ነው። የመኪናው ወገን ግን ከዚያ ቤተሰብ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ የጥፍር ቀለም በመኪና በር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ መልኩም ይለወጣል። ጥሩነቱ፣ የሚያስለቅቀው ነገር ከእርስዎው መኳኳያ ሣጥን ውስጥ መገኘቱ ነው።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ወይም ቲነሩን በበሩ ላይ አያፍስሱ፤ በሰፊ ጨርቅም አይሹት። ያረጀ የባንክ ካርድ ወይም መታወቂያ ይውሰዱና ስስ የጥጥ ጨርቅ አጥብቀው ይጠቅልሉበት። ጨርቁ እርጥብ ይሁን እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን። ከዚያም በጭረቱ ርዝመት ሳይሆን ጭረቱን አቋርጠው፣ በጣም ቀለል ባለ እጅ አንድ ጊዜ ያሳልፉ። ጨርቁን ወደ ንጹሑ ወገን ያዙሩና ይድገሙ። ካርዱ ጠፍጣፋ ስለሆነ የሚነካው ከፍ ያለውን ጉብታ ነው፤ ጭረቱ ውስጥ የገባው ቀለም በቦታው ይቀራል። ጥበቡ ይኸው ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከተሳለፈ በኋላ ጉብታው ካልጎደለ ደርቆ ጸንቷል ማለት ነውና ቲነሩን ይተዉት። የፊት መብራቱን ፕላስቲክ አሴቶንም ሆነ ቲነር አያስነኩት፤ ወዲያው ይፈዝዛል፤ ይሰነጠቃልም። ቀለም የተቀባ ፓራውልት ላይም ቢሆን መጠንቀቅ ነው።

የጸናውን ጉብታ የሚያወርደው የውሃ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ከመርካቶ ቀለም መሸጫዎች ሲገዙ ቁጥሩን አይተው ይግዙ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ለዚህ ሥራ 2000 ቁጥርና 3000 ቁጥር ይበቃሉ። ለእንጨት የሚሆነውን 120 ወይም 240 ቁጥር ይዞ ወደ መኪና የሚጠጋ ሰው፣ የሚያስተካክለው ሳይሆን ሌላ ጉዳት የሚጨምር ነው። ወረቀቱን ጥቂት ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉት። ከዚያም የልጅዎን ላጲስ ተበድረው ወረቀቱን በላጲሱ ጫፍ ልክ ቆርጠው ይያዙበት። በጣት ብቻ ከተያዘ ጣት ለስላሳ ስለሆነ ጉድጓድ ይሠራል። በጉብታው ዙሪያ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ ደኅናው ቀለም እንዳይነካ ይጠብቃል። ጉብታውን ብቻ፣ ያለ ጉልበት፣ በአጭር በአጭሩ ያሹ፤ አሥር ጊዜ አሽተው ይጥረጉና ይመልከቱ። ፕላስተሩ መፋቅ ሲጀምር ደርሰዋል፤ ይንቀሉት። በ3000 ቁጥር ጥቂት አለስልሰው፣ በፖሊሽ ኮምፓውንድ አሽተው ይጨርሱ።

ጉብታው ከወረደ በኋላ በቦታው ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ቀለም ሲደርቅ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ የጠርሙሱን ብሩሽ ይተዉና በስቴኪኒ ጫፍ ጠብታ አንሥተው በጭረቱ ውስጥ ብቻ ያስቀምጡ። ጥቂት ሰዓት ይቆዩና ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ያስቀምጡ። በስስ ሦስት ጊዜ የተቀመጠ ቀለም በወፍራም አንድ ጊዜ ከተቀባው ይሻላል።

ስለ ቲነር ካነሣን ዘንድ ቀለሙን ለአፍታ እንተወውና ስለ ልጆች እንናገር። በብዙ ቤት ቲነር የሚገዛው በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ ነው። መልኩ ውሃ ይመስላል፤ ጠርሙሱም የውሃ ነው። ከጨዋታ ተጠምቶ የመጣ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ማንም እናት ታውቃለች። ስለሆነም ቲነርና አሴቶን በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቤት ውስጥ አይግቡ፤ የግድ ከሆነም ሥራው እንዳለቀ የተረፈው ከግቢ ይውጣ እንጂ ከወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አይደር። ልጅ ጠጥቶ ቢገኝ እንዲያስመልሰው ብለው ጣት አይክተቱ፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ገብቶ የባሰ ጉዳት ያመጣልና። ከነጠርሙሱ ይዞ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሽታው እሳት የሚጠራ ስለሆነም ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት በረንዳ አጠገብ አይከፈትም። ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተወው እንመርጣለን።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ሁለተኛው የታወቀ ብልሽት የመፈግፈጊያ ነው። ከግድግዳ የወሰደችውን የቀለም ምልክት ለማስለቀቅ በሽቦ፣ በአረንጓዴው መፈግፈጊያ፣ አንዳንዴም ድስት በምናጥብበት አመድ የታሸ በር፣ ምልክቱ ለቆ በምትኩ ጉም የመሰለ ፍዘት ይቀርበታል። የጥርስ ሳሙናስ ይሉ ይሆናል። የጥርስ ሳሙና እጅግ የላመ መፋቂያ ስላለበት ለቀላል ጭረት ጥቂት ይረዳል፤ ብዙ ጉዳትም የለው፤ ሽቦ የሠራውን ግን አያነሣም። ይህን ፍዘት ያየ ልጅም አለ፤ የአምስት ዓመት ልጅ እናቱ በሩን ስትፈገፍግ ካየ፣ በማግሥቱ ሌላኛውን በር ሊያግዝ ይነሣልና መፈግፈጊያውን ይሸሽጉ።

ፍዘቱ በክሊሩ ላይ ብቻ ከሆነ በእጅ ይመለሳል። መኪናይቱ ጥላ ሥር ትቁም፤ ብረቱ ለእጅ የሚቀዘቅዝ ይሁን። በሚገባ ያጥቡት፤ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሌላ ጭረት ናት። በታጠፈ ያረጀ የጥጥ ካናቴራ ላይ ሽምብራ የሚያህል ኮምፓውንድ ያድርጉና ሁለት መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን አንድ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ያሹ። ይጥረጉና የስልክዎን መብራት አግድመው አብርተው ይዩት። እየጠራ ከሄደ ይድገሙ። የሽቦው መስመር አልጠፋ ካለ በ2000 ቁጥር ከዚያም በ3000 ቁጥር በውሃ አለስልሰው ወደ ኮምፓውንዱ ይመለሱ። የበሩ ጠርዝ፣ ብረቱ የታጠፈበት መስመርና የእጀታው ዙሪያ ግን አይነካ፤ ቀለም በጠርዝ ላይ ከሁሉ ቦታ ይሳሳል።

በሥራው መካከል ጨርቁን ይመልከቱ። ክሊር ያለው መኪና ጨርቅ ላይ መልክ አይተውም። ጨርቁ ቀይ ወይም ሰማያዊ መሆን ከጀመረ ክሊሩ አልቋል፤ ወዲያው ያቁሙ። ክሊር የሌላቸው፣ መልኩና አንጸባራቂው አንድ ላይ የሆነ የቆዩ መኪናዎች ግን ገና ከመጀመሪያው ጨርቅ ያቀልማሉ፤ ያ የተለመደ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ መሞከር ነው። ክሊሩ ያለቀበት ቦታ ዳር ዳሩ ክብ ሠርቶ መካከሉ እንደ ወረቀት ደርቆ ይታያል። ይህ ቦታ በፖሊሽ አይመለስም። ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ቢቀቡት ለጊዜው ያብለጨልጫል፤ የሚቆየው ግን እስከሚቀጥለው እጥበት ነው፤ ይህን ብልሃት በደንብ የሚያውቁት መኪና የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። የሚገዙ ከሆነ ታጥባ የደረቀች መኪና እንጂ የተቀባባች አይዩ።

መልኩ አልገጥም ያለው ቀለምም የራሱ ታሪክ አለው። «ነጭ ስጠኝ» ተብሎ የተገዛ ነጭ ከመኪናው ነጭ ጋር አይስማማም፤ የነጭ ዓይነቱ ብዙ ነውና። እያንዳንዱ መኪና የቀለም ቁጥር አለው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ትንሽ ሳህን ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ ያህል 040 የሚለው የታወቀው ነጭ ሲሆን 202 ደግሞ ጥቁር ነው። ቁጥሩን ጽፈው ወይም ሳህኑን በስልክ አንሥተው ቀለም ወደሚቀምም ሱቅ ይሂዱ። በትክክለኛው ቁጥር የተቀመመው እንኳ ባይገጥም አይናደዱ፤ የከፍታ አገር ፀሐይ ኮፈኑንና ጣራውን ከሁሉ አስቀድሞ ያነጣቸዋልና፣ ቁጥሩ የሚነግረን መኪናይቱ በተወለደች ቀን የነበራትን መልክ ነው። ከማወዳደርዎ በፊት የጭረቱን አካባቢ በፖሊሽ ያጽዱ፤ አንዳንዴ የማይገጥመው ቀለሙ ሳይሆን የዓመታት አቧራ ነው። ብርማና ሌላም የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ያለበት ቀለም ከሆነ ግን በብሩሽ ፍጹም አይመሳሰልም። ቅንጣቶቹ በፒስቶላ ሲረጩ የሚተኙበትና በብሩሽ ሲቀቡ የሚተኙበት አቀማመጥ ይለያያል፤ ስለዚህ ከፊት ለፊት ተመሳስሎ ከጎን ሲታይ ይጠቁራል። በዚህ ቀለም ላይ ጭረቱ ከሩቅ እንዳይታይ ማድረግ ከተቻለ በቂ ነው ብለን እናምናለን።

የቆርቆሮ ስፕሬይ ብልሽት በአጭሩ ይህ ነው፤ ከቅርብ የተረጨው እንባ ሠርቶ ይወርዳል፣ ከሩቅ የተረጨው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል፣ ፕላስተር የተለጠፈበት ዳርም ደረጃ ይሠራል። ሦስቱም ከሳምንት በላይ ከደረቁ በኋላ ከላይ በተናገርነው የውሃ ወረቀትና ኮምፓውንድ ይቃለላሉ። በክረምት ለተረጨ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ቀለሙ ሲደርቅ ቲነሩ በፍጥነት ስለሚተን ብረቱን ያቀዘቅዛል፤ በአየሩ ያለው እርጥበትም በቀለሙ ላይ ያርፍና ወተት የፈሰሰበት አስመስሎ ያነጣዋል። ይህ የሆነብዎ እንደሆነ ሌላ አይደርቡ፤ ደረቅ ቀን ጠብቀው፣ ረፋዱ ላይ፣ ጥላ ሥር ቢመለሱበት ይሻላል።

ወደሚያስቸኩለው እንምጣ። የተገለጠ ብረት በሐምሌ ዝናብ አንድ ሌሊት ቢያድር ይበቃዋል። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ዝገቱን አያፍነውም፤ ከጥቂት ወር በኋላ እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሮ ይነሣል። ስለዚህ የተነሣውን ሁሉ ፍቆ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ብረቱን ማጽዳት፣ ማድረቅ፣ በዚያው ቀን የዝገት መከላከያውን ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ጠልቆ የበላ ዝገት ካለ ግን ከባትላሜራው እንጂ ከእርስዎ እጅ የሚወጣ ሥራ አይደለም። ስቱኮ ተሞልቶለት ግራጫ እንደሆነ ለሳምንታት የሚሄድ መኪናም በየመንገዱ እናያለን። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ዝናብ የጠጣ ስቱኮ ላይ የተቀባ ቀለም፣ የቱን ያህል ውድ ቢሆን፣ ይፈነዳል። ገንዘብ ካልሞላ ስቱኮውንም ማቆየት፣ አለዚያም ቢያንስ የሥር ቀለሙን ማስቀባት ይገባል።

ክሊሩ ያለቀበት፣ መልኩ ያልገጠመ፣ ወይም ብረቱ የተበላ በር መጨረሻው ጋራዥ ነው። ብዙዎች በዚህ የሚያማርሩት፣ ጣት ለሚያህል ቦታ የሙሉ በር ዋጋ ተጠየቅን ብለው ነው። ቀቢው ሁልጊዜ እየበዘበዘ አይደለም። ክሊር በበሩ መካከል ቢቆም ዳሩ ይታያል፤ ውሎ አድሮም ከዳሩ ይላጣል። ስለዚህ ክሊሩ እስከ በሩ ጠርዝ መሄድ አለበት። የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ያለበት ቀለም ከሆነ ደግሞ የመልኩ ልዩነት እንዳይታወቅ ወደ ጎረቤቱ በር ጥቂት እየሳሳ እንዲያልቅ ይደረጋል። ያኔ ክሊሩ ሁለት በር ያዳርሳል። ይህን ካወቁ የሚከራከሩት በዋጋው ላይ እንጂ በሥራው ላይ አይሆንም፤ ሥራውን እያሳነሱ ዋጋ ማስቀነስ ጉዳቱ ለራስ ነው።

ቀቢው «እታለም፣ ምን ነበር የቀባሽበት?» ብሎ ቢጠይቅዎ አይፈሩ፤ የጥፍር ቀለምም ቢሆን፣ የጎማ ማብለጭለጫም ቢሆን አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩት። በተለይ ማብለጭለጫዎቹ ሲሊኮን ያለባቸው ከሆኑ፣ ሳይጸዳ የተረጨ ቀለም እየተሸሸ የዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ሥራው እንደገና ነው። በበኩልዎም ይጠይቁት። የቀለሙን ቁጥር አይቶ ነው ወይስ በዓይኑ የሚቀምመው? አስቀድሞ በቁራጭ ላሜራ ላይ ረጭቶ ያሳይዎት፤ በጥላም በፀሐይም ከበሩ ጋር አስጠግተው ይመልከቱት። እጀታውንና ላስቲኩን አውልቆ ይቀባል ወይስ በፕላስተር ሸፍኖ? ያወለቀው ይሻላል፤ በፕላስተር ዙሪያ የተቀባው ከዚያው ይጀምራል መላጥ። ሥራ ሲጀመር ልጆችን ይዘው አይቁሙ። የዛሬዎቹ ማጠንከሪያ የሚገባባቸው ቀለሞችና ክሊሮች አይሶሳያኔት የሚባል ነገር ስላለባቸው ጢሳቸው አስም ያመጣል፤ በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅም አያስቆመውም። በቆርቆሮ የሚሸጥ ማጠንከሪያ ያለበት ቀለም በግቢ ውስጥ እንዳይረጭ የምንከለክለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መኪናይቱን ከጋራዥ ሲረከቡ ቀን ቀን ይረከቡ፤ በመብራት የተረከቡት ቀለም ጠዋት ሌላ ነው። ለመጀመሪያው አንድ ወር ያህል ሰም አይቀቡት፤ ከሥሩ ገና የሚተን ነገር አለና። በኦሞ አይጠቡት፤ ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። አቧራ እንዳይነካት ብለውም የላስቲክ ሸራ አያልብሷት፤ ሸራው እርጥበት ይይዛል፣ ነፋስ ሲያወዛውዘውም አዲሱን ቀለም ያሻዋል። የወፍ ኩስ ካረፈበት ግን ለእሑድ እጥበት አያቆዩት፤ በዚያው ቀን እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ጊዜ አስቀምጠውበት ሲለሰልስ ያንሡት እንጂ ደርቆ ሳለ በጥፍር አይፋቁት።